የድንጋይ ማለስለሻ በርሜልና የጎረቤት እንቅልፍ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ



በዚህ በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው መጽሔታችን ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ስፖርትና ስለ አገር ፍቅር ይጽፋሉ። እኔ ግን በቤታችን ጓሮ ሌትና ቀን ስለሚሽከረከር አንድ በርሜል ልጽፍ አስቤአለሁ። ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሰው በገዛ ቤቱ ሙያውን ሲሠራ ቢያድር ጎረቤቱ እንዴት ይተኛ? የሚለው ጥያቄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

አሳቤን ከመጀመሪያው ልግለጽ። በቤት ውስጥ የሚሠራ ሙያ ድምፅ የሚያወጣ የሆነ እንደ ሆነ፣ ያንን ድምፅ የመቀነስ ግዴታ የባለ ሙያው ነው። ይህንንም መፈጸም ያለበት ጎረቤት ሳይቆጣ፣ ሽማግሌ ሳይላክና ደንብ አስከባሪ ሳይጠራ አስቀድሞ ነው። ባለ ሙያው የሚገባውን ከፈጸመ በኋላ ደግሞ ጎረቤት «ሙያው ፈጽሞ ይቅር» ሊል አይገባውም። ይህንንም ያልሁበትን ምክንያት በተራ አስረዳለሁ።

የድንጋይ ማለስለሻ በርሜል ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ ወላጆችና ጓደኞቼ በአጭሩ ላስታውቅ። በወንዝ ዳር የምናገኘው ጠጠር ለስላሳ የሆነው ውሃው ብዙ ዘመን እያንከባለለ፣ እርስ በርሱ እያጋጨና በአሸዋ እያሸ ስለ ወሰደው ነው። በርሜሉም ይህንኑ የወንዝ ሥራ በአንድ ወር ጊዜ ይፈጽማል። ክዳን ያለው ትንሽ በርሜል በሁለት ዘንጎች ላይ ይጋደማል፤ ሞተር አንዱን ዘንግ በቺንጋ ያዞረዋል፤ ዘንጉም በተራው በርሜሉን ያሽከረክረዋል። በውስጡ ድንጋይና ውሃ፣ እንዲሁም ሲሊኮን ካርባይድ የሚባለው፣ በብርጭቆ ወረቀት ላይ የሚለጠፈው ሻካራ ዱቄት ይጨመራል። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ኬልቄዶንና ኢያስጲድ የሚባሉት ድንጋዮች ወደ 7 ገደማ ሲሆኑ ይህ ዱቄት ከ9 በላይ ስለ ሆነ ያለ ችግር ይፍቃቸዋል።

መጀመሪያ ሻካራው ዱቄት፣ ቀጥሎ መካከለኛው፣ ከዚያም ደቃቁ፣ በመጨረሻም የማወልወያው ዱቄት ይገባል። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሳምንት ያኽል ይፈጃል። ሳምንት 168 ሰዓት ነውና አራቱ ደረጃዎች በድምሩ 672 ሰዓት ይሆናሉ። እንግዲህ ችግሩ ያለው በዚህ ላይ ነው። የሠርግ ከበሮ አንድ ሌሊት ጮኾ ያልፋል፤ ስለዚህ ጎረቤት ይታገሠዋል፤ እንዲያውም ወጥቶ አብሮ ይጨፍራል። የበርሜሉ ጩኸት ግን አንድ ወር ሙሉ ያለ ዕረፍት ይቀጥላል፤ ወሩ ሲያልቅም ሌላ ድንጋይ ይገባል።

አገራችን በድንጋይ ድኻ አይደለችም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያኽል ርቆ በሚገኘው በመልካ ቁንጡሬ አካባቢ የጥንት ሰዎች ከባልጩት ድንጋይ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ይህም ስፍራ ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በወሎም በደላንታ፣ በወገል ጤና አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘው ኦፓል በዓለም ገበያ ስም አግኝቷል። እርግጥ ከቅርስ ስፍራ ድንጋይ ማንሣት ፈጽሞ የማይገባ ነገር ነው። የወሎ ኦፓልም ውሃ የሚመጥጥና ለስላሳ ድንጋይ ስለ ሆነ በእጅ በመሳያ ላይ በጥንቃቄ ይወለወላል እንጂ ለዚህ በርሜል አይስማማም። ነገር ግን በየወንዙና በየመንገድ ቁፋሮው ወድቆ የሚቀረው ጠንካራ ድንጋይ ለአንገትና ለጆሮ ጌጥ የሚሆን መልክ አለው። ይህን መልክ የሚያወጣው እንዲህ ያለው የቤት ውስጥ ትንሽ ሙያ ነው።

በቤታችን ይህን ሥራ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ነው። ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ሥራ ፈልጎ ሲያጣ፣ ከአሮጌ የልብስ ማጠቢያ ሞተር አውጥቶ፣ ዘንጎቹን በብረት ቤት አስበይዶ በርሜሉን ራሱ ሠራው። ያለሰለሰውን ድንጋይ የአንገት ጌጥ ለሚሠሩ ሴቶች ይሸጣል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ሆኖም የታናሽ እኅቴ ደብተርና የደንብ ልብስ በዘንድሮው ዓመት የተገዛው በዚሁ ገንዘብ ነው። ስለዚህ እኔ ስለ በርሜሉ ስጽፍ ስለ መጫወቻ እየጻፍሁ አይደለሁም።

ከግድግዳችን ወዲያ ደግሞ እኛ ልጆቹ እትዬ እያልን የምንጠራቸው ነርስ ይኖራሉ። ግድግዳው አንድ ብሎኬት ነው። እትዬ በሳምንት ሦስት ሌሊት በሥራ ያድራሉ፤ በማግሥቱም የሚተኙት ሌላው ሰው በሚሠራበት ሰዓት ነው። በእርሳቸው እጅ የሰው ነፍስ አለ። እንቅልፍ ያጣ ሰው መርፌ ሲሰጥ፣ መድኃኒት ሲለካ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ለማንም አያዳግትም። እንግዲህ በአንድ ግድግዳ በዚህ በኩል የአንድ ልጅ ደብተር አለ፤ በዚያ በኩል የአንዲት ሐኪም ቤት ሠራተኛ ዕረፍት አለ። ሁለቱም እውነተኛ ናቸው፤ አንዱን ለሌላው መሠዋትም አይገባም።

እትዬ ስለ በርሜሉ አንድ ቀን እንኳ ተናግረው አያውቁም። እናቴ ቡና ስታፈላ ይመጣሉ፤ ወንድሜንም «በርታ ልጄ» እያሉ ይመርቁታል። ነገሩን ያወቅነው የእርሳቸው ትንሽ ልጅ ለእኅቴ «እማዬ ስትተኛ ጋቢውን በጆሮዋ ትጠመጥመዋለች» ብላ ስለ ነገረቻት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ የአሳቤ ዋና መሠረት ይህ ነው። በእኛ አገር ጎረቤት ዝም አለ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ጎረቤት «የልጁን እንጀራ የዘጋሁበት እንዳይመስል» ብሎ ዝም ይላል፤ «ነገ ቡናው ላይ በምን ዓይን እተያያለሁ?» ብሎ ዝም ይላል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የምንለው ለታመመ ሲደርስ፣ ለሞተ ሲያለቅስ ስላየነው ነው። ይህን የመሰለ ጎረቤት ችግሩን ራሱ እስኪናገር መጠበቅ ትዕግሥቱን እንደ ፈቃድ መቁጠር ነው። ስለዚህ ጠያቂው መሆን ያለበት ድምፁን የሚያወጣው ሰው ነው።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225፣ ባለ ሀብት በሀብቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ማስቸገር ወይም መጉዳት እንደማይገባው፣ ጢስን፣ ጥቀርሻን፣ መጥፎ ሽታን፣ ጫጫታንና መነቃነቅን ከመልካም ጉርብትና ልክ አሳልፎ ማምጣት እንደሌለበት ይናገራል፤ ደግሞም የአካባቢው ልማድ ሊታይ ይገባል ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ስለ ድምፅ ልክ ደረጃ እንዲወጣ አዝዟል። የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ በመኝታ ክፍል ውስጥ ሳያቋርጥ የሚሰማ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል ባይበልጥ እንደሚሻል አመልክቷል። የሁለት ሰዎች ተራ ጭውውት በአንድ ሜትር ርቀት ወደ 60 ዴሲቤል ይደርሳል። ከዚህም የተነሣ «በገዛ ቤቴ ያሻኝን አደርጋለሁ» የሚለው ቃል በሕግም በልማድም መሠረት የለውም። ነገር ግን ሕጉ ሙያውን አልከለከለም፤ የከለከለው ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍን ነው። ልክ የሚባል ነገር ካለ ደግሞ መቀነስ የሚባል ነገርም አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። አብዛኛው ሰው ጩኸትን የሥራ ምልክት አድርጎ ያየዋል፤ በርሜሉ ሲንኳኳ «እየሠራ ነው» ይላል። እኔ ግን ጩኸት የብክነት ምልክት ነው እላለሁ። ድምፅ ንዝረት ነው፤ ንዝረትም ጉልበት ነው። በርሜሉ በግማሽ ብቻ የተሞላ እንደ ሆነ ድንጋዮቹ ወደ ላይ ይወጡና ከከፍታ ይወድቃሉ። ሲወድቁም ይጮኻሉ፤ ከመጮኽም አልፈው ይሰነጠቃሉ፤ ጠርዛቸውም ይሸረፋል። በርሜሉ ከሦስት እጅ ሁለቱ እስከ አራት እጅ ሦስቱ ድረስ ቢሞላ ግን ድንጋዮቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ፤ ይተሻሻሉ እንጂ አይፈጠፈጡም። ትልቅና ትንሽ ድንጋይ ቢደባለቅ ትንንሾቹ በትልልቆቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ይሞሉታል። ውሃውም ከድንጋዮቹ የላይኛው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢቆም ይበቃል። እንግዲህ ለጎረቤት የሚስማማው ድምፅ ለድንጋዩም የሚስማማው ነው። ይህን ያወቀ ባለ ሙያ ጸጥታን ለጎረቤቱ የሚከፍለው ቅጣት አድርጎ አይቆጥረውም።

ፍጥነቱም እንዲሁ ነው። በፊዚክስ ትምህርታችን ስለ ክብ እንቅስቃሴ የተማርነው እዚህ ላይ ይጠቅማል። በርሜሉ እጅግ የፈጠነ እንደ ሆነ ድንጋዮቹ ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ እንጂ አይወርዱም። የውስጡ ስፋት 16 ሳንቲ ሜትር ለሆነ በርሜል ግማሹ 0.08 ሜትር ነው። የመሬትን ስበት 9.8 ለ0.08 አካፍለን ካሬ ሥሩን ስናወጣ 11 ያኽል ራዲያን በሴኮንድ እናገኛለን፤ ይህም በደቂቃ 106 ዙር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ጥሩው ፍጥነት ከዚህ እጅግ ዝቅ ያለ፣ ወደ ግማሹ የቀረበ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። ወደ 106 እየቀረበ ሲሄድ ድንጋዩ ከፍ ብሎ ይወረወራል፤ ይፈነክታል። ወንድሜ በሞተሩ ላይ ያለውን መዘውር በትንሽ መዘውር ለውጦ ፍጥነቱን ሲያወርደው፣ ድንጋዩ ለመለስለስ ጥቂት ቀን ቢጨምርም የተሰነጠቀው ቁጥር ቀነሰ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለበርሜልም ይሠራል።

ሁለተኛው ነገር ዕቃው ነው። የቆርቆሮ በርሜል እያንዳንዱን ጠጠር እንደ ደወል ይመልሰዋል። የጎማ በርሜል ግን ይውጠዋል። የጎማ በርሜል ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው የቆርቆሮውን ውስጥ በአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ሊያለብሰው ይችላል። ዘንጎቹንም የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቢያጠልቁባቸው ብረት ከብረት ጋር መፋጨቱ ይቀራል፤ በርሜሉም ሳይንሸራተት ይዞራል። ኩሽኔታው ከጮኸ ጥቂት ዘይት ወይም ግራሶ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ዘይቱ ዘንጉንና ቺንጋውን እንዳይነካ መጠንቀቅ ይገባል፤ የነካው እንደ ሆነ በርሜሉ እያዳለጠው መዞሩን ያቆማል። ቺንጋው ከልክ በላይ ከተወጠረ ሞተሩን ያስጮኻል፤ ከላላም ይንጣጣል። የላላ ቡሎን ሁሉ ይጠበቅ። እነዚህ ሁሉ የአንድ እሑድ ሥራ ናቸው።

ሦስተኛው ድምፁ የሚሄድበት መንገድ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያኽል ይጓዛል፤ በብረት ውስጥ ግን 5,000 ሜትር ያኽል ይሮጣል። ስለዚህ ከአየሩ ይልቅ መሬቱንና ግድግዳውን ይዞ የሚሄደው ንዝረት አታላይ ነው። የማሲንቆን ነገር አስቡ። ጭራው ብቻውን ቢታሽ በጭንቅ ይሰማል፤ ቆዳ የተወጠረበት ሣጥን ከሥሩ ሲኖር ግን አዳራሽ ይሞላል። በርሜሉን በላሜራ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ወይም ከቆርቆሮ አጥር ጋር ማያያዝ ለጭራው ሣጥን እንደ መስጠት ነው። ይልቁንስ በጠንካራ መሬት ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ከሥሩ የተቆራረጠ ወፍራም የመኪና ጎማ ተነጥፎለት ይቁም። በግልጽ ቦታ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያኽል ስለሚቀንስ ከጎረቤት መስኮት ጥቂት ሜትር መራቅ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረውን ድምፅ በሣጥን መክደን ይቻላል። ብዙ ሰዎች የእንቁላል መያዣ ካርቶን በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ድምፅ የሚያግድ ይመስላቸዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ካርቶኑ በክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ቀጭን ድምፅ ጥቂት ያለዝብ እንደ ሆነ ነው እንጂ ወደ ውጭ የሚያልፈውን አያግድም። ድምፅን የሚያግደው ክብደት ነው፤ ስለዚህ ሣጥኑ ከወፍራም ኮምፔንሳቶ መሠራት አለበት። ውስጡ ስፖንጅ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ይልበስ፤ ሣጥኑም በርሜሉንና ሞተሩን በምንም በኩል አይንካ። ከሁሉም በላይ ቀዳዳ ይጠበቅ። ከሣጥኑ ገጽ ከመቶ አንዱ እጅ ብቻ ክፍት ቢሆን፣ የቀረው የግንብ ያኽል ቢወፍር እንኳ ከ20 ዴሲቤል በላይ መቀነስ አይቻልም። ከመቶ አሥሩ ክፍት ከሆነም ከ10 አይበልጥም። ዴሲቤል እንደ ተራ ቁጥር አይቆጠርም፤ 10 ዴሲቤል መቀነስ ማለት የድምፁ ኃይል ወደ አንድ አሥረኛው ወረደ ማለት ሲሆን፣ ለጆሮ ግን በግማሽ ያኽል የቀነሰ ይመስለዋል። ስለዚህ 20 ዴሲቤል የቀነሰ ሰው ጎረቤቱን እጅግ አሳርፏል።

ነገር ግን ሞተር ይሞቃል። የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉ በመጨረሻው ሙቀት ሆኖ በዚያው ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ጸጥታ ፍለጋ ቤት ማቃጠል ደግሞ ከጩኸት የባሰ ጥፋት ነው። ስለዚህ አየር የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ ያስፈልጋል፤ ይህም ቀጥ ያለ ቀዳዳ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጊዜ የታጠፈ፣ ውስጡ ስፖንጅ የለበሰ መተላለፊያ ይሁን። አየር ይታጠፋል፤ ድምፅ ግን በየእጥፋቱ ይደክማል። ስፖንጁና ብርድ ልብሱ ከሞተሩ ይራቁ። ወንድሜ ሞተሩን በዚያች መተላለፊያ በኩል አድርጎ አየር የሚነካው ቦታ አኑሮታል፤ በመጀመሪያዎቹም ቀናት በየሰዓቱ እየከፈተ ሙቀቱን ይመረምር ነበር። ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለውን ሣጥን ዘግቶ መሄድ አይገባም።

የዚህ ሁሉ ውጤት ምንድር ነው? ቀድሞ እናቴ ራዲዮ ስትሰማ ድምፁን ከፍ ታደርግ ነበር፤ አሁን በዝቅታ ትሰማለች። እኔም ለመልቀቂያ ፈተና የማጠናው ከሣጥኑ አራት እርምጃ ርቄ ነው። እትዬም ጋቢውን ለብርድ ብቻ ይጠቀሙበታል ብላ ልጃቸው ነግራናለች።

አራተኛው ነገር ሰዓት ነው፤ ይህም ገንዘብ አይጠይቅም። በርሜሉን በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት ማቆም ድንጋዩን አያበላሸውም፤ ጊዜውን ያራዝመዋል እንጂ። በቀን 14 ሰዓት ብቻ ቢሠራ 672ቱ ሰዓት በ48 ቀን ይፈጸማል። ነገር ግን የትኛው ሰዓት ይቁም? ለሁሉም ጎረቤት ሌሊት ነው ማለት አይቻልም፤ የእትዬ ሌሊት በቀን ነውና። ስለዚህ መልሱ በመጽሐፍ አይገኝም፤ ሄዶ በመጠየቅ ይገኛል። ወንድሜ አሁን በእትዬ የሥራ ተራ መሠረት የበርሜሉን ሰዓት በወረቀት ጽፎ በሣጥኑ ላይ ለጥፎታል። ሲጠይቃቸው እንዲህ ነበር ያለው፦ «እትዬ፣ መቼ እንደሚተኙ ይንገሩኝና በዚያ ሰዓት ላቁመው።» «ችግር የለውም» የሚለውን መልስ አልተቀበለም፤ ሁለተኛ ጠየቀ። ሁለተኛው ጥያቄ ነው እውነቱን ያወጣው። ይሉኝታ ባለበት አገር አንድ ጊዜ መጠየቅ ለወግ ነው፤ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ለማወቅ ነው።

ይህን አሳቤን የሚቃወሙ ሰዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። አንዳንዶቹ «ከተማው ሁሉ ይጮኻል፤ የጀኔሬተሩ፣ የብረት ቤቱ፣ የታክሲው ጩኸት ሳይቀር የአንድ በርሜል ቢቀንስ ምን ይረባል?» ይላሉ። ለዚህ መልሴ፣ ሌሎቹ ሲመሽ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ፤ በርሜሉ ግን ብቻውን ይቀራል የሚል ነው። መብራት ሲጠፋ በርሜሉ ሲቆም ግቢው ሁሉ እንዴት እንደሚተነፍስ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ሌሎቹ «ጆሮ ይለምዳል» ይላሉ። አእምሮ የለመደ ይመስለዋል፤ የተኛ ሰው ልብ ግን ሰውዬው ሳይነቃ እንኳ በድምፁ ምክንያት አመታቱን ይለውጣል። ለመድሁ ማለት አልተጎዳሁም ማለት አይደለም።

በሌላው በኩል ደግሞ «ይህ ሥራ በመኖሪያ ሰፈር ፈጽሞ ይከልከል፤ ወደ ኢንዱስትሪ መንደር ይሂድ» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ለአንድ በርሜል ቤት ተከራይቶ የሚኖር ወጣት የሚያገኘውን ገንዘብ አላሰሉትም። የሸማኔው መቃ፣ የልብስ ሰፊው መኪና፣ የአናጢው መዶሻ በመኖሪያ ቤት ውስጥ የኖሩ ናቸው። በቤት የሚሠራ ሙያ ሁሉ ይባረር ካልን የቀሩልን ጸጥ ያሉ ሰፈሮች ሥራ ፈት ሰፈሮች ይሆናሉ። ድምፁ በልክ ከሆነ በኋላ የሚቀረውን ጥቂት ድምፅ ታግሦ «በርታ» ማለት የጎረቤት ድርሻ ነው። ደግሞም የሚያስቸግረው ነገር ሲኖር በይሉኝታ ውጦ ከማደር በቅንነት መናገር የእርሱ ግዴታ ነው፤ ያልተነገረ ቅሬታ ውሎ አድሮ ቂም ይሆናልና።

ስለ ጎረቤት ካነሣን ድምፅ ብቻ አይደለም። ከበርሜሉ የሚወጣው ጭቃ የድንጋይ ዱቄት ስለ ሆነ በጋራ የውሃ መውረጃ ቢደፋ እንደ ሲሚንቶ ረግቶ ይደፍነዋል፤ ስለዚህ በባልዲ ተጠልሎ ውሃው ሲጠፋ ደረቁ በከረጢት ታስሮ ይጣል። ሲደርቅም አቧራው ለሳንባ ጠንቅ ስለ ሆነ ሳይቦን በእርጥቡ ይሰብሰብ። አንዱን ጉዳት ቀንሶ ሌላውን ለጎረቤት መላክ ብልኅነት አይደለም።

እንግዲህ ለሦስት ወገኖች የምለው አለኝ። ለክፍል ጓደኞቼ፦ ብዙዎቻችን ነገ በየቤታችን ትንንሽ መኪና ተክለን እንሠራለን፤ አንዱ ወፍጮ፣ አንዱ ማሽን፣ አንዱ የሙዚቃ መሣሪያ። መኪናውን ስንገዛ ወይም ስንሠራ የዝምታውን ወጪ ከመጀመሪያው እንቁጠረው። ለመምህራኖቻችን፦ የድምፅን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ከምንሠራው ስሌት ጋር በአንድ እውነተኛ ሣጥን ብንሠራው፣ አንዱን ቀዳዳ ከፍተን ብንሰማ፣ ዘግተንም ብንሰማ፣ ዴሲቤል ምን እንደ ሆነ ዕድሜ ልካችንን አንረሳውም። ለወላጆቻችን፦ ልጃችሁ አንድ ሙያ ጀምሮ ቤቱን ሲያስጮኽ «ወዲያ ጣለው!» ከማለታችሁ በፊት አንድ እሑድ ስጡት፤ ነገር ግን እሑዱን ተጠቅሞ ጩኸቱን ካልቀነሰ ከጎረቤት ወገን ቁሙ።

ድንጋይ የሚለሰልሰው ከሌላ ድንጋይ ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲኖር ነው። የሚሰነጠቀውም እዚያው ውስጥ ነው። ልዩነቱ በርሜሉ እንዴት እንደ ተሞላና በምን ፍጥነት እንደሚዞር ብቻ ነው። በአንድ ግቢ የምንኖር ሰዎችም ፍጥነታችንን እያወረድን፣ ሁለት ጊዜ እየተጠያየቅን ብንኖር ሙያውም ይሠራል፤ እንቅልፉም ይተኛል እላለሁ። ይህን ያነበበ ሁሉ ዛሬ ማታ ከግድግዳው ወዲያ ማን እንደሚተኛ እንዲጠይቅ እየለመንሁ አሳቤን በዚህ እፈጽማለሁ።